የስሜን ተራሮች የድንኳን ጉዞ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለዘማች፣ ለነጋዴ ወይም ለገበሬ ብቻ የተነገረ አይደለም። ለዕረፍትና ለትምህርት ሲል ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ሌሊቶችን በተራራ ላይ በድንኳን ለማሳለፍ የሚያስብ ሰውም ሊያስታውሰው ይገባል። ሱቅ፣ ሐኪም ቤት፣ መብራትና የቧንቧ ውኃ በሌለበት ሥፍራ የተረሳ አንድ ዕቃ የሚተካው የለም። በከተማ ቢሆን ከጎረቤት በአምስት ደቂቃ የሚዋሱት ነገር፣ በተራራ ላይ ሲጠፋ የአንድን ሌሊት እንቅልፍ፣ አንዳንዴም የሰውን ጤንነት ያሳጣል።

በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምር አንድ መምህር ይህን እውነት የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ስሕተት ነበር። በ1987 ዓ.ም. ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ። ወጣቶቹ ካርታ አልያዙም፤ መሪ አልቀጠሩም፤ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት እንኳ አላስፈቀዱም። ለአራት ሰው ወለል የሌላት አንዲት ስስ ድንኳን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለምግብ ደግሞ ጥቂት ዳቦና አንድ ከረጢት ጥሬ ምስር ነበራቸው። «ወጣት ብርድ አይፈራም» እየተባባሉ፣ በመኪናና በእግር ተጣድፈው፣ ከጎንደር በተነሡ በሁለተኛው ቀን ምሽት ግጭ ከተባለው ደጋ ደረሱ።

በዚያች ሌሊት የሆነውን መምህሩ ከቶ አልረሳውም። ምስሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክም አልበስል አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ የድንኳኑን አውታር ከነካስማው ነቀለው። ከጓደኞቹ አንዱ ከቀትር ጀምሮ ራሱን ያመው ነበርና ማስመለስ ጀመረ። ሊነጋ ሲልም ንግግሩ ተወላገደ፤ ሊቆም ሲሞክርም ይንገዳገድ ጀመር። የቀሩት ሦስቱ በድንጋጤ ተነሥተው፣ በእጃቸው በነበረችው ገጀራ ከአፋፉ ላይ የቆሙትን እርጥብ የአስታ ዛፎች እየቆረጡ እሳት ለማንደድ ሞከሩ። ያገኙት ግን ጭስ እንጂ ሙቀት አልነበረም።

ጎሕ ሲቀድ ጭሱን ያየ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከግጭ መንደር መጣ። ነገሩን በአንድ እይታ ተረዳና ምንም ሳይጠይቅ በሽተኛውን በጋቢው ጠቅልሎ በበቅሎው ላይ አስቀመጠው። ቁልቁል ወደ ሳንቃበር አቅጣጫ ሲወርዱ የልጁ አእምሮ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እስከ ቀትርም ውኃ ለመጠጣት በቃ። ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ለገበሬው ቢዘረጉለት እምቢ አለ። የተናገረው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር። «ልጆቼ፣ ተራራው አልበደላችሁም። እናንተ ግን እነዚያን አስታዎች በድላችኋል። እኔ ልጅ ሳለሁ የነበሩ ናቸው» አላቸው። ይህ ቃል በመምህሩ ልብ ውስጥ እንደ ዕዳ ተቀመጠ።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. የኅዳር ወር፣ የመምህሩ የ17 ዓመት ወንድ ልጅ ከእራት በኋላ ወደ አባቱ ቀረብ ብሎ፣ «አባዬ፣ ስሜንን በመጽሐፍ ብቻ ከማጥናት ሄደን ብናየውስ?» ሲል ጠየቀ። በቤታቸው ተቀምጣ የምትማረው የእኅቱ ልጅም፣ «እኔም አብሬ ልሂድ፣ አጎቴ» አለች። የልጁ እናት የቀድሞውን ታሪክ ታውቅ ስለ ነበር ሥጋቷን አልደበቀችም። «ያኔ አንተ የራስህን ነፍስ ነበር ያስያዝከው፤ አሁን የምታስይዘው ግን የእነዚህን ልጆች ነው» አለችው። መምህሩም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ አዲስ ደብተር አስመጥቶ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠ። በመጀመሪያው ገጽ ላይም ሰባት ጥያቄዎችን ጻፈ። እነርሱም፦ የት? መቼ? ከማን ጋር? በምን ተጠልለን? ምን በልተን? ምን ሳንተው? መቼስ እንመለስ? የሚሉ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ሥፍራውን ማወቅ ያስፈልጋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህም በዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ከተመዘገቡበት መዝገብ ውስጥ እንዲገኝ አድርጎታል። ስፋቱ መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ግን ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በየትም የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚኖሩ የዚሁ ደጋ ነዋሪዎች ናቸው። የሰው፣ የእርሻና የከብት ብዛት ግጦሹንና ጫካውን እያጣበበ በመሄዱ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር። ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መምህሩ ልጆቹን ለመውሰድ ያሰበበት ሥፍራ፣ ከ20 ዓመት ሥጋት በኋላ ገና በቅርቡ የተረፈ ሥፍራ ነበር። እንግዳ ሆኖ የሚገባ ሰው እንደ እንግዳ መጠንቀቅ እንዳለበት በደብተሩ ላይ ያሠመረበትም ስለዚህ ነው።

በፓርኩ ውስጥ መንገደኛ ድንኳን የሚተክልባቸው የታወቁ ሰፈሮች አሉ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ ቀጥሎ ሳንቃበር በ3,250 ሜትር፣ ግጭ በ3,600 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ በ3,620 ሜትር ላይ ይገኛሉ። ከግጭ ደጋ ጫፍ ላይ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ የተባለው ራስ ይታያል። በዚያ የቆመ ሰው ገደሉን፣ ከገደሉም በታች እንደ ባሕር የተዘረጋውን ቆላ በሦስት በኩል ያያል። መምህሩ በ1987 ዓ.ም. ከዚህ ራስ ሥር አድሮ ሳያየው የተመለሰ ስለሆነ፣ ጉዞው ለልጆቹ ትምህርት፣ ለእርሱ ደግሞ የ23 ዓመት ናፍቆት መፈጸሚያ ነበር።

ልጁ ግን ካርታውን ከተመለከተ በኋላ፣ «ለምን እስከ ራስ ደጀን አንሄድም? ከአገራችን ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው እርሱ አይደለም ወይ?» አለ። አባቱም እርሳሱን አንሥቶ ከሰፈር ሰፈር ያለውን የከፍታ ልዩነት በመስመር አሳየው። «ከ3,000 ሜትር በላይ ስንወጣ በአንድ ቀን ውስጥ የምናድርበትን ሥፍራ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ የለብንም። አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በግጭ ላይ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚተነፈሰው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ይህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ያለን ስድስት ቀን ብቻ ነው» ሲል አስረዳው። በዚህም ምክንያት አንድ ሌሊት በደባርቅ፣ አንድ ሌሊት በሳንቃበር፣ ሁለት ሌሊት በግጭ፣ አንድ ሌሊት በጨነቅ እንዲያድሩ ተወሰነ።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ የዝናብና የጉም ወራት በመሆኑ ለድንኳን አይመችም። መስከረም ሲጋመስና ጥቅምት ሲገባ ምድሩ ለምልሞ አበባ ይለብሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ብርቱ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ይገኛል። የትምህርት ቤት ዕረፍት ከጥር በፊት ስላልነበረ፣ ጉዞው ለጥር መጨረሻ ተቀጠረ። ጊዜን መምረጥ ማለት ግን ወርን መምረጥ ብቻ አይደለም። የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ከሚመለከታቸው ማረጋገጥም የጊዜ ምርጫ ክፍል ነው። ሰላም በሌለበት ወቅት ከሁሉ የተሻለው ዕቅድ ጉዞውን ማቆየት ነው። ዛሬም ወደ ስሜን የሚያስብ ሰው ከስንቁ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ መምህሩ የመለሰው ከቀድሞ ስሕተቱ በመነሣት ነበር። ወደ ደባርቅ ወርዶ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ክፍያና ደንብ ጠየቀ። መንገደኞችን የሚያጅብ የታጠቀ የፓርክ ጥበቃና ጭነት የሚሸከሙ ሁለት በቅሎዎችም ተያዙለት። በቅሎ ነጂው ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሲነሣ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። መምህሩ የቀድሞውን ሽማግሌ ገበሬ መልክና የቤቱን አቅጣጫ እየነገራቸው ቢጠይቃቸው፣ ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «አወቅኋቸው፣ መምህር። እርሳቸው ያረፉት መንደሩ ሳይነሣ ነው። አገራቸውን ለቅቀው መሄዱን አላዩትም» አሉት። መምህሩም አንገቱን ደፋ። ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ከዚያ ወዲህ አንድ ብቻ መሆኑን ተረዳ፤ ይኸውም ተራራውን ሳይበድሉ ገብቶ መውጣት ነው።

ብዙ መንገደኞች በዕቅዳቸው ውስጥ ራሳቸውን እንጂ ጥበቃውንና በቅሎ ነጂውን አይቆጥሩም። ከዚህም የተነሣ እንግዳው በሞቀ ድንኳን ተኝቶ ሳለ፣ የሚጠብቀው ሰው በአንዲት ጋቢ ከውጭ ተኮራምቶ ያድራል። መምህሩ በደብተሩ ላይ «አምስት ሰዎች ነን» ብሎ በጉልህ ጻፈ። ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱና ስንቁ ሁሉ በአምስት ሰው ልክ ተሰላ። በመሆኑም ሦስት ድንኳኖች ተዘጋጁ፤ አንዱ ለአባትና ለልጅ፣ አንዱ ለልጅቷ፣ አንዱም ለሁለቱ የአካባቢው ሰዎች።

ስለ ድንኳን ብዙ ሰው የሚያስበው ጨርቁን ብቻ ነው። ድንኳን ግን ጨርቅ፣ ምሰሶ፣ አውታርና ካስማ ተባብረው የሚያቆሙት ቤት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ቤትነቱ ይቀራል። ወለል ያለውና በላዩ ሁለተኛ ሽፋን የሚዘረጋበት ድንኳን ለደጋ ይመረጣል። የሰው ትንፋሽ ሌሊት በጨርቁ ላይ ወደ ጤዛ ተለውጦ ስለሚንጠባጠብ፣ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል አየር እንዲመላለስ መተው ያስፈልጋል። ሥፍራው ሲመረጥም ከገደል አፋፍ፣ ከደረቅ ፈፋና ድንጋይ ከሚንከባለልበት ተዳፋት መራቅ፣ በሩንም ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ማዞር ተገቢ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። መሬት የተኛውን ሰው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ይስባል። ስለሆነም ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ በፊት ከሥር የስፖንጅ ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ መዘርጋት ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የመኝታ ከረጢት፣ አንድ ጋቢ፣ የሱፍ ቆብ፣ ጓንትና ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ደረቅ ልብስ ተመደበ። በቀን ላብ የነካው ልብስ ማታ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛልና ያንን ደረቅ ልብስ በመንገድ ላይ መልበስ ተከለከለ።

የስንቁን ጉዳይ የያዘችው የልጁ እናት ነበረች። በመጀመሪያ ሽምብራና ምስር ለማስቀመጥ አስባ ሳለ፣ መምህሩ ያ ያልበሰለ ምስር ትዝ ብሎት ምክንያቱን አስረዳት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል። በጎንደር ከ90 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ውኃ በ3,600 ሜትር ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥራጥሬ ለመብሰል እጅግ ረጅም ጊዜ፣ እንዲሁም ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ይህን እንደ ሰማች የአገር ቤት ዕውቀቷን ሥራ ላይ አዋለች። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጥቂት ቋንጣ አዘጋጀች። አያቶቻችን ለረጅም መንገድ የመረጧቸው እነዚህ ምግቦች ሸክማቸው ቀላል ነው፤ አይበላሹም፤ ብዙ እሳትም አይሹም። የእያንዳንዱን ቀን ስንቅ ለየብቻ በከረጢት አሥራ ቀኑን ጻፈችበት። ሰባተኛ ከረጢትም ጨመረች። «ይህ የማይበላ ስንቅ ነው፤ ካልተቸገራችሁ በቀር አትፍቱት» አለች።

ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ነገር ግን ከብትና የዱር አራዊት ከሚጠጡበት ምንጭ የተቀዳ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም። በከፍታ ላይ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል ማፍላት ይበቃል። ለማብሰያና ለማፍያም በላምባ የሚሠራ ቡታጋዝና አሥር ሊትር ላምባ ተያዘ። ማገዶ የሚለው ቃል ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ አልገባም። አስታ በስሜን ቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ ጉሙን እያጠመደ ጠብታውን ወደ መሬት ያወርዳል። አንድ ሰው ለአንድ ማታ ለመሞቅ የሚቆርጠው ዛፍ ብዙ ዓመት የቆመ ሊሆን ይችላል። ልጁ፣ «ታዲያ ማታ ማታ በምን እንሞቃለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «በልብስ፣ በሾርባና በጊዜ በመተኛት» የሚል መልስ አገኘ።

«ምን ሳንተው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ትርጉም ነበረው። አንደኛው ከቤት ሳይረሱ የሚያዙትን ጥቃቅን ዕቃዎች የሚመለከት ነው። የእጅ ባትሪና ትርፍ ድንጋዮቹ፣ ክብሪት በማይረጥብ ዕቃ፣ ቢላዋ፣ መርፌና ክር፣ ገመድ፣ ፉጨት፣ የቁስል ማሠሪያ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ካርታና ኮምፓስ በዚህ ሥር ተዘረዘሩ። ሁለተኛው ትርጉም በተራራው ላይ ትተውት የማይመጡትን ነገር ይመለከታል። ቆርቆሮ፣ ላስቲክ፣ ወረቀትና የባትሪ ድንጋይ ሁሉ በከረጢት ተመልሶ ወደ ደባርቅ እንዲወርድ ተወሰነ። መጸዳጃ በሌለበት ሥፍራም ከውኃ ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ በአፈር መድፈን ግዴታ ሆነ። ለጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ መስጠትም ተከለከለ። ጭላዳ ሣር በል እንስሳ ነው፤ የሰው ምግብ ካስለመዱት ግን ድንኳን መበርበር ይማራል።

የመጨረሻው ጥያቄ «መቼስ እንመለስ?» የሚል ነበር። መምህሩ ይህን ገጽ የጻፈው ብቻውን፣ ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ነው። «ራሱን ያመመው ሰው አይደብቅ። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ የተጨመረበት ሰው ወደ ላይ አይወጣም፤ ካደረም በኋላ ካልተሻለው ይወርዳል። የተንገዳገደ፣ ንግግሩ የተደነጋገረ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይወርዳል። አንዱ ሲወርድ ሁሉም ይወርዳሉ» ሲል ጻፈ። በማግሥቱም አምስቱም ሰዎች እንዲሰሙት ጮክ ብሎ አነበበው።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት በግቢያቸው ውስጥ ፈተና ተደረገ። ልጆቹ ድንኳኖቹን ያለ አባታቸው እርዳታ በጨለማ ተከሉ፤ በዚያም አደሩ። የጎረቤት ሰዎች ቢስቁም ሌሊቱ ብዙ ነገር አስተማረ። የአንዱ ድንኳን ሦስት ካስማዎች ጎድለው ተገኙ። የልጅቷ መኝታ ከረጢት ዚፕ ተበላሽቶ ነበር። ልጁ ደግሞ ቡታጋዙን የሚያጸዳውን መርፌ ከዕቃ ውስጥ ማስገባት ረስቶ ኖሮ፣ ሻይ ሳይፈላ ቀረ። ሁሉም ጉድለት በዚያው ሳምንት ተሟላ። ጭነቱም በሚዛን ተመዝኖ፣ አንዲት በቅሎ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ እንዳትሸከም ልጁ ሁለተኛ ጫማውን፣ ልጅቷም ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍቷን ቀነሱ።

ጉዞው በጥር መጨረሻ ተጀመረ። የደባርቅና የሳንቃበር ሌሊቶች እንደ ታሰቡት አለፉ። በሦስተኛው ቀን የጅንባር ወንዝ ወደ ጥልቁ ገደል ሲወረወር አዩ፤ ወንዙን ተሻግረውም ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሞ ወደሚታይበት የግጭ ደጋ ወጡ። በቅሎ ነጂው መንደራቸው ወደነበረበት ሥፍራ ጥቂት ተመልክተው፣ ምንም ሳይናገሩ ነፋስ የማይበረታበትን ቦታ በዱላቸው አመለከቱ። ድንኳኖቹም በዚያ ተተከሉ። በዚያች ሌሊት ብርቱ ነፋስ ቢነሣም አንዲት ካስማ አልተነቀለችም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ልጁ ከድንኳኑ ወጥቶ አስመለሰ። ለአባቱም፣ «ምግቡ ሳይሆን አይቀርም» አለው። ሲነጋ ቁርሱን አልበላም፤ ሆኖም ጫማውን አጥብቆ አሥሮ ለእሜት ጎጎ ተዘጋጀ። ይህን ጊዜ የአክስቱ ልጅ ወደ አጎቷ ቀርባ፣ «አጎቴ፣ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ራሱን ሲያመው ነበር። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነው» አለች። ልጁ አቀርቅሮ፣ «አባዬ፣ ያ ራስ እኮ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። አንተ ለ23 ዓመት ስትጠብቀው የኖርከውን በእኔ ምክንያት አይቅርብህ» ብሎ ለመነ።

መምህሩ ወደ ራሱ አቅጣጫ ተመለከተ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ አጥንት ሰባሪ አሞራ በገደሉ ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ ይንሳፈፋል። ልጁን ከጥበቃው ጋር አስቀምጦ ብቻውን ሄዶ መመለስ እንደሚችልም አሰበ። ይሁን እንጂ «አንዱ ሲወርድ ሁሉም ይወርዳሉ» ብሎ የጻፈው እርሱ ራሱ ነበር። ደብተሩን ከኪሱ ሊያወጣ እንኳ አላስፈለገውም። «ድንኳኑን እንንቀል» አለ። በቅሎ ነጂውም፣ «ደግ አደረግህ፣ መምህር። ራሱ የትም አይሄድም» እያሉ የአንዷን በቅሎ ጭነት ለሁሉም አከፋፍለው ልጁን አስቀመጡት። በመንገዱ ላይ እናትየዋ ያሠረችው ሰባተኛ ከረጢት ተፈታ፤ ልጁም ሳንቃበር ሲደርስ የራስ ምታቱ ለቅቆት በሶ በጥብጦ ጠጣ። በማግሥቱ ከድንኳናቸው በር ላይ ሆነው በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ እስከ ረፋድ ድረስ ተመለከቱ።

ወደ ጎንደር ሲመለሱ የቆሻሻው ከረጢት አብሮ ወረደ። በግጭ ደጋም ከተጋደመ ሣር በቀር እዚያ ማደራቸውን የሚያሳይ ምልክት አልቀረም። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ሦስቱንም ከቆጠረች በኋላ፣ «እሜት ጎጎን አያችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ፣ «አላየንም፤ ዕቅዳችን ግን ሠርቷል» ሲል መለሰላት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ በፓርኩ ውስጥ ሰደድ እሳት ተነሣ። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ከእሳቱ ጋር ታገለ፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ረዱ። ወሬው በሬዲዮ በተነገረበት ማታ መምህሩና ልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ። ልጁ ተነሥቶ ያንን ደብተር አመጣ፤ ስለ ላምባው ምድጃና ስለ ማገዶ የተጻፈውን ገጽ ገልጦም ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም ከራሱ ደብተር ላይ ሰባቱን ጥያቄዎች በእጁ ጽሑፍ ገለበጣቸው።

የሰው ልጅ ወደ ተራራ የሚወጣው ከራሱ በላይ የሆነውን ነገር ለማየት ነው። ከዚያ ለመድረስ ብርታት ያስፈልገዋል፤ ሳይጎዳና ሳይጎዳዱ ለመመለስ ግን አስቀድሞ የታሰበበት ዕቅድ ይሻል። መልካም ዕቅድም የሚመዘነው በያዘው ዕቃ ብዛት ብቻ አይደለም። በችግር ሰዓት፣ ልብ ወደ ፊት እየጎተተ ሳለ፣ «ተመለስ» የሚል ቃል በውስጡ ተጽፎ በመገኘቱና ሰውም ያንን ቃል በማክበሩ ጭምር ነው።